እሳቱ ሰይድ፣ ንጉሡ ሠይድ

ጋሼ ይመር ማረፋቸውን የነገረኝ ዓሣ ሻጩ ሰይድ ነው። ጠዋት ወደ ሐይቁ ወርጄ ሁለት ቆሮሶ አስመርጬ ቆሜአለሁ። ዓሣውን በአሮጌ ወረቀት ሊጠቀልልልኝ ሲል እጁን ገታ አደረገና ወረቀቱን ገልብጦ አየው።

«ምን ታያለህ?» አልሁት።

«ማኅተም እንዳለበት ነዋ! ለምዶብኝ።» ከዚያ ቀና ሳይል፣ «ሰውየው እኮ ትናንት አረፉ፣ አያ ሐሰን። አልሰማህም?» አለኝ።

የትኛው ሰውዬ ብዬ አልጠየቅሁትም። በሐይቅ ከተማ ከዓሣው በፊት የዓሣውን መጠቅለያ የሚያገላብጥ ሰው ከጋሼ ይመር ሌላ ኖሮ አያውቅም። በደርግ ጊዜ የጽሕፈት ቤታችን መዝገብ ቤት ሹም ነበሩ። የቢሮ ወረቀት እየሾለከ ወጥቶ የበርበሬና የዓሣ መጠቅለያ ይሆናል ብለው ይሠጋሉና፣ ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ሐይቁ ወርደው ሻጮቹን አንድ በአንድ ይፈትሻሉ። አንድ ጊዜ እውነትም አንድ አምባዛ በባለማኅተም ደብዳቤ ተጠቅልሎ አገኙ። ዓሣውን ለባለቤቱ መልሰው ደብዳቤውን ይዘው መጡ፤ ፀሐይ ላይ አደረቁት፤ በዶሴው ውስጥ በቦታው አስገቡት። ከዚያን ቀን ወዲህ መዝገብ ቤቱ ድመት አጥቶ አያውቅም።

እኔ እዚያ ቢሮ ተላላኪ ነበርሁ። የተማርሁት መሠረተ ትምህርት ነው፤ የምስክር ወረቀቴ እስከ ዛሬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከዚያ በላይ ያስተማረኝ ሰው ቢኖር ጋሼ ይመር ናቸው፤ ማስተማር ከተባለ። ሥራ በጀመርሁበት ቀን በትልቁ መዝገባቸው ላይ ሊያሰፍሩኝ ብዕራቸውን አነሡና፣

«ስም?» አሉኝ።

«ሐሰን።»

«የትኛው ሐሰን?»

«የየሱፍ ልጅ።»

«አባትህን መች ጠየቅሁህ! በየትኛው ሀ ነህ ነው የምልህ። በሃሌታው ነህ፣ በሐመሩ ነህ፣ ወይስ በብዙኃኑ?»

እኔ ሀ ሦስት ዓይነት መሆኑን ያን ቀን ሰማሁ። መሠረተ ትምህርት ያስተማረችኝ ልጅ አንዱን ነግራኝ በእሱ ነበር የምተዳደረው። ጋሼ ይመር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩኝ።

«ይኼን ሁሉ ዘመን ስሙን ሳያውቅ የኖረ ሰው!» አሉና እኔን እዚያው ትተው ወጡ። መንገድ ዳር ሱቅ ደጃፍ የሚቀመጡ አንድ ሸኽ ዘንድ ሄደው ጠይቀው ተመለሱ። «ሐመሩ ነህ። ሸኹ፣ ከጉሮሮ የሚወጣው ነው ብለዋል። ከእንግዲህ ማንም በሌላ ቢጽፍህ እንዳትቀበል።»

ይኸው አልቀበልም። ልጆቼ በሃሌታው ሲጽፉኝ መልሼ አስጽፋቸዋለሁ።

ጋሼ ይመር ፊደሉን የቆጠሩት ከአምባሰል ተራራ ሥር፣ ቄስ አጎታቸው ዘንድ ነው። በእኛ አገር የተለመደ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም እንጂ፣ እንግዳ ሰው ስማቸው የእስላም ስም፣ ይመር ሆኖ ሳለ እሑድ እሑድ ነጠላ አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሲያይ ይደናገር ነበር። እሳቸው ደግሞ መደናገሩን እየወደዱለት አያብራሩለትም።

መዝገብ ቤቷ ጠባብ ክፍል ናት፤ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ። የአደራደሩ ነገር ግን ሌላ ነበር። የድንበር ክርክር ዶሴ ሁሉ ከጣሪያው ሥር ይቀመጣል። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እኔ መሰላል እስካመጣ ሰውየው ይበርዳል» አሉኝ። የባልቴቶች ዶሴ ደግሞ ከታች ነው፤ «እነሱ ቁጭ ብለው ነው የሚጠብቁት፤ እያዩት ይጽናኑ።» ዶሴ ሲፈልጉ በአፍንጫቸው አምባሰልን ያንጎራጉራሉ። ዜማው እየቀጠለ ከሆነ ዶሴው አለ። ዜማው ቀጥ ካለ ግን በሩ ላይ የቆመው ባለጉዳይም ልቡ ቀጥ ትላለች።

ደግሞ እርሳሳቸው አለ። ከጆሯቸው ላይ የማትወርድ አጭር እርሳስ። በየዶሴው ጀርባ፣ ጥግ ላይ፣ በደቃቁ ይጽፉባታል፦ «አንድ ጆሮው አይሰማም፤ በቀኙ በኩል ንገሩት።» «ከአማቱ ጋር በአንድ ቀን አይቀጠር።» «ይህች ሴት ጠይቃ የማታውቅ ናት፤ እናንተ ጠይቋት።» አንድ ጊዜ የመጣ ተቆጣጣሪ ይህን አይቶ፣ «ይኼ በቅጹ ላይ የለም እኮ» ቢላቸው፣

«በቀለም የተጻፈው የመንግሥት ነው» አሉት። «በእርሳስ የተጻፈውን መንግሥት አያየውም።»

ሰውየው አለፈው።

የማይታለፈው ሕጋቸው ግን አንድ ነበር፦ ዶሴ ከቤት አይወጣም። የግድ ሆኖ ከወጣም በቦታው ካርድ ይቆማል። ጠንካራ ወረቀት ነው፤ ማን ወሰደው፣ መቼ፣ ለምን ምክንያት የሚል ተሞልቶበት፣ ተፈርሞበት፣ ዶሴው በነበረበት ክፍተት ይሰካል። አንድ የእርሻ ሠራተኛ በዚህ ዓይነት ዶሴ ወስዶ ሳምንት ሊሞላው ሲል፣ ጋሼ ይመር ከዘራቸውን አንሥተው አርዲቦ ድረስ በእግራቸው ሄዱ። ሰውየውን ያገኙት ሠርግ ቤት ነው። ዳሱ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፤ ቀረበላቸው፣ በሉ፤ ሙሽሮቹን መረቁ፤ ዶሴውንም ከሰውየው ቤት አስወጥተው ተቀበሉ።

«ጋሼ፣ ሰኞ አመጣው ነበር እኮ!» አላቸው፣ በሠርገኛው ፊት አፍሮ።

«ሰኞ ካርዱ ስምንት ቀን ይሞላዋል። ካርድ ስምንት ቀን ከቆመ ያፍራል።»

ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንዲህ እያልን ሳለን አዲስ ትእዛዝ ወረደ። በየገበሬ ማኅበሩ የተበተነው ወረቀት ሁሉ ተሰብስቦ እኛ ዘንድ በአንድ ቤት ይግባ ተባለ። የቢሯችን ኃላፊ ጓድ ሥዩም ይባላል፤ ወጣት፣ የተማረ፣ ሲራመድ የሚቸኩል ሰው ነው፤ ክፉም አልነበረ። ሰብስቦን፣ «ጓዶች፣ መረጃ ተበታትኖ አገር አይመራም! ሁሉም በአንድ ማዕከል!» አለ። ጋሼ ይመር ከኋላ ሆነው መደርደሪያቸውን በልባቸው ሲለኩ አየኋቸው።

ወረቀቱ በኬሻ ሆኖ በአህያ መጣ፤ ከሐይቁ ማዶ ያለው በታንኳ መጣ። አንዷ ታንኳ ዘንበል ብላ ሁለት ኬሻ ወረቀት ውኃ ጠጣ። ጋሼ ይመር እንደ ሕፃን አቅፈው አወጡት። ዳር ሣሩ ላይ አንድ በአንድ ዘርግተን ጠጠር ጫንንበት። ሁለት ቀን ሙሉ የሐይቁ ዳር ጤፍ የተሰጣበት መስሎ ሰነበተ፤ እሳቸው በከዘራ ፍየል ያባርራሉ፣ እኔ ዶሮ አባርራለሁ። እንደዚያም ሆኖ አንዲት ፍየል አመለጠችንና የአንድ ገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር የተመረጠበትን ቃለ ጉባኤ ጥርግ አድርጋ በላች። ጋሼ ይመር በመዝገቡ ላይ «ቃለ ጉባኤ፤ በፍየል ተበልቷል» ብለው አሰፈሩ፤ የፍየሏንም ባለቤት በምስክርነት አስፈረሙ።

ጓድ ሥዩም አየና ደነገጠ። «ጋሼ ይመር፣ ይኼ ወደ በላይ አካል ይሄዳል እኮ! ቀይሩት።»

«እሺ ጓድ። ታዲያ ማን በላው ልበል?»

ጓድ ሥዩም ትንሽ አሰበበት። «ፍየል ይሁን» አለ።

ያ ሁሉ ወረቀት ሲደለደል ነው ሁለቱ ሰይዶች የወጡት። ከአንድ ገበሬ ማኅበር፣ ሁለት ሰው፣ ሁለቱም ሰይድ አሊ ሙሔ። ስም ከነአባት፣ ከነአያት አንድ። አምባሰሉ ቀጥ አለ። አስጠሯቸው። አንደኛው ወደ ባቲ የሚነግድ፣ ገና በሩ ላይ ሆኖ የሚጮኽ፣ የሚያስቅ፣ የሚናደድ ሰው ነው። ሁለተኛው አራሽ ነው፤ ዝምተኛ። እናቱ እማማ ከድጃ አብራው መጥታለች፤ ዓይኗ ከድካም ብዛት የሰውን ጥላ እንጂ ፊቱን አይለይም። ባሏ ሞቷል፤ ሌላ ልጅ የላትም።

ጋሼ ይመር የቅድመ አያታቸውን ስም ሊጠይቁ አሰቡ፤ ቅጹ ግን ከአያት በላይ ቦታ የለውም። ሲያስቡ ቆይተው ድንገት ፈገግ አሉ።

«ሰ ሁለት ነው። እሳቱ ሰ አለ፣ ንጉሡ ሠ አለ። አንተ ነጋዴው፣ እንደምትንቀለቀለው እሳቱን ውሰድ። አንተ ደግሞ ንጉሡን። ከዛሬ ጀምሮ አንዳችሁ በአንዳችሁ ፊደል ብትጻፉ ጠባችሁ ከኔ ጋር ነው።»

«እሳት ይሻለኛል! ንጉሥ ምን አለው ዘንድሮ?» አለ ነጋዴው። ይህ ነው ዛሬ ዓሣ የሚሸጥልኝ ሰይድ።

እማማ ከድጃ ግን ደስታዋን አልቻለችውም። ፊደል አታውቅ፤ «ንጉሥ አሉልኝ! ልጄን ንጉሥ አሉልኝ!» ብላ እዚያው ቢሮ ውስጥ እልል ልትል ስትል ጋሼ ይመር እጇን ያዟት።

«እማማ ከድጃ፣ ይኼን በአደባባይ አይናገሩት። እኛ ፊደል ነው የምንለው፤ ሌላው ሰምቶ ሌላ ንጉሥ ይመስለዋል።»

«ምን ገዶኝ! የልጄ ንጉሡ ነው።»

ጓድ ሥዩምም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነገሩን ደረሰበት። መደርደሪያውን ሊጎበኝ ገብቶ አንዱ ሣጥን ላይ «ንጉሡ ሠ» የሚል ጽሑፍ አየ።

«ይኼ ምንድን ነው፣ ጋሼ ይመር?»

«ፊደል ነው፣ ጓድ።»

«ንጉሡ ከወረደ ስንት ጊዜው! ደግሞስ ሁለት ሰ ምን ያደርጋል? ያው አንድ ድምፅ ነው። ይሰረዝና ሁሉም ወደ እሳቱ ይዛወር።»

«እሺ ጓድ። በጽሑፍ ይስጡኝና እፈጽማለሁ» አሉ ጋሼ ይመር በትሕትና። «ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሠራተኛ የሚለው በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው። ሠራተኛው ወደ እሳቱ ይግባ ብዬ ልጻፍ?»

ጓድ ሥዩም በሩን አየ። እኔን አየ። «ለጊዜው ባለበት ይቆይ» ብሎ ወጣ።

እኔ ከት ብዬ ልስቅ ስል ጋሼ ይመር በእርሳሳቸው ጭንቅላቴን መታ አደረጉኝ። «ሥራህን ሥራ።»

ሳቃችን ያለቀው የውትድርና ምልመላ ሲመጣ ነው። ከየገበሬ ማኅበሩ የሚሄድ ሰው ስም ዝርዝር ወጣ። ከሰይዶቹ መንደር ሰይድ አሊ ሙሔ ተባለ፤ የታሰበው ነጋዴው ነው። እሱ ግን ወሬው ቀድሞ ደርሶት ወደ ባቲ እንደ ወረደ ቀረ። ወረቀት ይዘው የመጡት ታጣቂዎች ሰይድ አሊ ሙሔ ማነው ቢሉ፣ ከሞፈሩ ጋር የቆመ አንድ ሰይድ አሊ ሙሔ አገኙ። ስሙ ልክ ነው፤ ያባቱም ልክ፣ ያያቱም ልክ። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጉ!

አራሹ ደግሞ ዐቅመ ደካማ እናቱን ብቻውን የሚጦር ስለሆነ እንዲቀር ባለፈው ዓመት የተወሰነለት ወረቀት ነበረው፤ ማኅተም ያለበት። ወረቀቱ የት አለ? ሊቀ መንበሩ እጁን አራግፎ አሳየ። «እኔ ዘንድ ምን ወረቀት አለ? ሁሉም ሐይቅ ገብቷል።» ይኸው ያ ሁሉም በአንድ ማዕከል የተባለው። ልጁን ወደ ሐይቅ አመጡት፤ ከሌሎቹ ጋር መኪና ላይ አወጡት። መኪናው እኩለ ቀን ላይ ይነሣል ተባለ።

እኔ ያን ቀን ለጓድ ሥዩም ደብዳቤ እንዳደርስ ተልኬ መኪናው ወደቆመበት ግቢ ሄጃለሁ። ጓድ ሥዩም ዝርዝሩን ይዞ መኪናው አጠገብ ቆሟል። እማማ ከድጃ በጎረቤት ሴት እየተመራች፣ ከጎሕ ጀምራ ተጉዛ፣ አቧራ ለብሳ ደረሰች። ድምፁን ተከትላ ሄዳ የኮቱን እጅጌ ጨመደደችው።

«ጌታዬ፣ ተሳስታችኋል! ልጄ የእሳቱ አይደለም!»

«የምን እሳት፣ እናቴ?»

«ልጄ የንጉሡ ነው! ወላሂ የንጉሡ ነው! ጋሼ ይመር ያውቃሉ፤ እሳቸው ናቸው ያደረጉት!»

የቆመው ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ውስጥ ሳበ። በዚያ ዘመን የእንዲህ ያለ ቃል መዘዝ በልጇ አያበቃም፤ ለእሷም ይተርፋል፣ አሁን ስማቸውን ለጠራቻቸው ለጋሼ ይመርም ይተርፋል። ጓድ ሥዩም ፊቱ ተለዋወጠ። ዝቅ አድርጎ፣ «ምን አልሽ?» አላት።

እሷ ያልሰማት መሰላት። ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«የንጉሡ ነው አልሁ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላየሁም። እየሮጥሁ ነበር።

መዝገብ ቤት ስደርስ ትንፋሼ ተቆራርጧል። ነገርኋቸው። ጋሼ ይመር ብድግ አሉ፤ ወደ ንጉሡ ሠ ሣጥን ሄደው ዶሴውን መዘዙ። አላንጎራጎሩም። እኔ ከእጃቸው ነጥቄ ልሮጥ ስል፣

«ካርዱ!» አሉ።

«ጋሼ! መኪናው ሊነሣ ነው!»

«ካርድ ሳይሞላ ዶሴ አይወጣም።»

ተቀመጡ። ብዕራቸውን ቀለም አጠቀሱ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እግሬ መሬት አልረግጥ ብሏል። የወሰደው፦ ይመር ተክሌ። ቀኑን ጻፉ። ምክንያት የሚለው ላይ ጥቂት አሰቡና «ሰው ለማስመለስ» ብለው ጻፉ። ፈረሙ። እፍ፣ እፍ ብለው አደረቁት። ልጮኽባቸው አፌን ስከፍት እሳቸው ተነሥተዋል። ካርዱን በክፍተቱ ሰክተው ኮታቸውን ቆልፈው ወጡ።

ግቢው ስንደርስ ሞተሩ ተነሥቶ ያጓራል። ጋሼ ይመር ዶሴውን በብብታቸው ይዘው ቀጥ ብለው ጓድ ሥዩም ዘንድ ሄዱ።

«እርስዎ ነዎት ለሰው ንጉሥ የሚያድሉት?» አላቸው።

«ፊደል ነው የማድለው፣ ጓድ።» በከዘራቸው ጫፍ መሬቱ ላይ ሁለት ፊደል ጻፉ፤ ሰ፣ ሠ። «ይኼ እሳቱ ነው። ይኼ ንጉሡ ነው። በዝርዝርዎ ላይ ያለው ሰው በእሳቱ ነው የተጻፈው፤ ይመልከቱት። መኪናው ላይ ያለው ልጅ በንጉሡ ነው። ሴትዮዋ የምትለው ይኼንን ነው።»

«ያው አንድ ሰ ነው፣ ጋሼ ይመር!»

ጋሼ ይመር ዶሴውን መኪናው አፍንጫ ላይ ከፍተው ያችን ልጁ ይቅር የምትለውን ወረቀት አወጡ። ማኅተሙን አሳዩት፤ ከማኅተሙ ሥር ጣታቸውን አስቀመጡ።

«ይኼ የማን ስም ነው?»

«የእኔ ነው። እኔ ነኝ የፈረምሁት።»

«ሥዩም። በየትኛው ነው የጻፉት?»

ጓድ ሥዩም ወረቀቱን አየ። መሬቱን አየ። ወረቀቱን ደግሞ አየ። ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ «በንጉሡ» አለ።

«ምን አለ?» አለች እማማ ከድጃ፤ ጭንቅ ብሏታል፣ አታይም። «ኧረ በአላህ ምን አለ?»

«እሳቸውም የንጉሡ ናቸው» አሏት ጋሼ ይመር።

«አልሐምዱሊላህ! ታዲያ ዘመዳሞች ናችኋ!»

መጀመሪያ ሳቁ ያመለጠው አፍኖት የቆየው ታጣቂ ነው። ከዚያ ሾፌሩ። ከዚያ መኪናው ላይ የተቀመጡት፣ እናታቸውን ሲያስቡ የነበሩት እነዚያ ሁሉ ሰዎች ሳቁ። ጓድ ሥዩም ከንፈሩን ነክሶ ታገለ፤ አልሆነለትም። ፊቱን በዝርዝሩ ሸፍኖ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ «ውረድ አንተ! ውረድ!» አለ።

ዝርዝሩን የጻፈው የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ መሠረተ ትምህርት አብሮኝ የተማረ ሰው ነው። እኔ አንድ ሀ ብቻ እንደማውቅ እሱም አንድ ሰ ብቻ ነበር የሚያውቀው። ንጉሡ ቢሉት በእሳቱ ይጽፍ ነበር። ጋሼ ይመር ይህን ያውቁ ኖሯል? ስጠይቃቸው፣ «አንተ ሐመሩን ጠብቅ» ነበር መልሳቸው።

ከግቢው ስንመለስ እጃቸው ባዶ ነው። በዚያ ሁሉ ሳቅና ግርግር መካከል፣ መኪናው አፍንጫ ላይ የነበረውን ዶሴ ማን እንዳነሣው አላየሁም። ጋሼ ይመር ግን አምባሰልን ያንጎራጉራሉ።

«ጋሼ፣ ዶሴውስ?»

«የቱ?»

«ጓድ ሥዩም ዘንድ ቀረ እንዴ?»

«ይሆናል» አሉና ዜማውን ቀጠሉ።

ካርዱ ስምንት ቀን ሞላው። ወር ሞላው። ዓመት ሞላው። ቁጥጥር በመጣ ቁጥር «አንድ ዶሴ ጎድሏል» እየተባለ የወቀሳ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ደብዳቤውን አጥፈው፣ ጠርዙን አስተካክለው በስተው፣ ራሳቸው በራሳቸው ዶሴ ውስጥ ያስገቡታል። አርዲቦ ድረስ ለአንድ ዶሴ በእግራቸው የሄዱ ሰው! እኔ እየቀለድሁ፣ «ጋሼ፣ ካርዱ አላፈረም?» እላቸዋለሁ።

«ይፈር። ለምዶታል።»

ከዚያ መንግሥትም ተለወጠ፣ ጓድ ሥዩምም ከአገራችን ሄደ፣ ነጋዴው ሰይድ ከባቲ በኩል ተመልሶ ዓሣ መሸጥ ጀመረ፣ ጋሼ ይመርም ጡረታ ወጡ። እኔም ወጣሁ። ካርዱን ረሳሁት።

እንግዲህ ለቅሶ ቤት ነው ያስታወስሁት። በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ያ አራሽ ሰይድ፣ ንጉሡ ሠይድ፣ መጣ፤ ሽበት ወርሶታል። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዟል። አጠገቤ ተቀመጠና፣ «አያ ሐሰን፣ ይኼን ለማን ልመልስ?» አለኝ። ገለጥ አድርጌ አየሁ። ዶሴው ነው።

«እናቴ ናት ያን ቀን ያነሣችው» አለኝ። «በእጇ ዳብሳ አገኘችውና በፎጣዋ ሥር ከተተችው። እኔ ገና መኪናው ላይ ነበርሁ፤ አየኋት። ጋሼ ይመርም አይተዋታል። ፊታቸውን አዞሩ።»

«ምን አደረገችበት?»

«ከራስጌዋ አልለየችውም። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ መጡብኝ፤ ሌላ ሹም፣ ሌላ ዝርዝር። ሁለቱንም ጊዜ ይኼን አውጥታ ፊታቸው ዘረጋችው። ሐይቅ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ እስኪመጣ ማን ይጠብቀኝ ነበር? እሷ ከሞተች በኋላ ልመልሰው አስብና ጋሼ ይመርን ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ። አሁን ባለቤቱ ሞቱ፤ አደራ ነው።»

በማግስቱ አብረን ቢሮ ሄድን። መዝገብ ቤቷ ዛሬ ኮምፒውተር ገብቶባታል። ሃያት የምትባል ደግ ልጅ ተቀምጣለች። «አባባ፣ አሁን ሁሉም ወረቀት በአንድ የመረጃ ቋት ውስጥ ነው» አለችኝ። ቋት ስትለኝ ወፍጮ ቤት መጣብኝ፤ ዱቄት የሚወርድበቱ። አልነገርኋትም። የሰይድ አሊ ሙሔ ዶሴ እንዳለ ፈልጊልኝ አልኋት።

ጻፈች። «አንድ አለ። ግን የሌላ ሰው ነው፤ ነጋዴ ይላል።»

«እሱ እሳቱ ነው። በንጉሡ ሞክሪ።»

«በማን?»

እስክሪብቶዋን ተቀብዬ መዳፌ ላይ ሠ ጻፍሁላት። ሠይድ ሳቁን በእጁ ሸፈነ። ልጅቷ ፊደሉን ከማሽኑ ላይ ስትፈልግ ቆይታ አገኘችውና ነካችው።

«ወይ! አለ። 'ጠፍቷል' ይላል ግን።»

«ተመልሷል በይው።» ዶሴውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥሁት።

ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ገና ወደ ኮምፒውተር ካልተገለበጠው ክምር ውስጥ ካርዱን ይዛ ወጣች። ጠርዙ ተበልቷል፤ ቀለሙ ግን ደህና ነው። የወሰደው፦ ይመር ተክሌ። ምክንያት፦ ሰው ለማስመለስ። ከፊርማው ሥር ደግሞ የደበዘዘ ነገር አለ። ወደ መስኮቱ ወስጄ አዘነበልሁት። የዚያች አጭር እርሳስ እጅ ነው።

«ከድጃ ዘንድ ነው። አትጠየቅ።»

ለሠይድ አነበብሁለት። ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ።

ልጅቷ ዶሴውን ቅጠል በቅጠል እያገላበጠች ማሽኑ ላይ እያደረገች ገለበጠችው። በመጨረሻ ካርዱን አስተኛች። ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ስሙ አለ፣ ቀኑ አለ፣ ምክንያቱ አለ፣ ፊርማው አለ። ከዚያ በታች ንጹሕ ነጭ ነው።

«እንዴ፣ የእርሳሱ አልወጣም» አለች። «ላድምቀው እንዴ፣ አባባ?»

«ተይው፣ ልጄ» አልኋት። «በእርሳስ የተጻፈውን መንግሥት አያየውም።»